ፕሮቶታይፕ በተጠቃሚ ስናስሞክር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ቡድን አፕ፣ ድረ ገጽ ወይም በእጅ የሚያዝ አዲስ መሣሪያ እየሠራ ነው እንበል። ፕሮቶታይፑ ደርሷል። ገና አላለቀም፣ ግን ሰው ሊነካካው ይችላል። «በሉ እንግዲህ ለተጠቃሚ እናሳየው» ይባላል፤ የሙከራ ዕቅድ ይጻፋል፤ ሰው ይጠራል። እንዲህ ዓይነት ዕቅዶችን ማንበብና ሙከራው ሲካሄድ ጥግ ይዞ ማየት የዘወትር ሥራዬ ነው። ብዙው ሙከራ የተበላሸው በዕለቱ ይመስላል። ወደኋላ ሄዳችሁ ብታዩት ግን የተበላሸው ዕቅዱ ሲጻፍ ነው። ያኔ የተዘለለ ጥያቄ በዕለቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተሳታፊው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ደግመው ደጋግመው የገጠሙኝን ልጻፍላችሁ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፤ ሌላው በጥቂት መስመር ያልቃል።

ውሳኔ የማይከተለው ሙከራ

የአብዛኛው ዕቅድ የመጀመሪያ መስመር «ዓላማ፦ ተጠቃሚዎች ስለ ፕሮቶታይፑ ያላቸውን አስተያየት ማወቅ» ይላል። አስተያየት መቼም አይጠፋም። ሰው ጠርታችሁ ስክሪን ፊት ካስቀመጣችሁት አንድ ነገር ማለቱ አይቀርም። ያለው ነገር ምን ያስቀይራችኋል? ዕቅዱ ለዚህ መልስ ከሌለው ሙከራው ሰው ከማድከም አያልፍም።

ዕቅድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን በማግስቱ ምን ታደርጋላችሁ? «ምዝገባውን ከሦስት ገጽ ወደ አንድ እናወርዳለን» የሚል ቡድን ለምን እንደሚሞክር ያውቃል። «ሪፖርት እናቀርባለን» የሚል ቡድን ተመልሶ ቢያስብበት ይሻላል።

አንድ ቡድን ሙከራ ሊያደርግ ሲሰናዳ ኮዱ ተጽፎ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አፑ የሚለቀቅበት ቀንም ተቆርጧል። ሙከራው ዋናው ሜኑ ለሰው ጨርሶ እንደማይገባ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ሁሉም አየ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ አንድም ነገር አልተቀየረም፤ ጊዜ የለማ። እነዚያ ተሳታፊዎች ጊዜያቸውን የሰጡት ለምን ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄውን አጥብቡት። «አፑ ቀላል ነው ወይ?» አይለካም። «አፑን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ያለማንም እርዳታ ገንዘብ መላክ ይችላል ወይ? ቁጥር ቢሳሳት ከመላኩ በፊት ይነቃል ወይ?» ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2018 የታደሰው አይኤስኦ 9241-11 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የአጠቃቀም ምቹነትን በሦስት ነገር ነው የሚያየው። ሰውየው ያሰበውን ፈጸመ ወይ? ለመፈጸም ምን ያህል ጊዜና ድካም ወጣበት? ረካ ወይ? ሦስቱንም የሚያያይዛቸው ከተለየ ተጠቃሚ፣ ከተለየ ግብና ከተለየ ሁኔታ ጋር ነው። ስለዚህ ማን፣ ምን ሊያደርግ፣ የት ሆኖ የሚለው ዕቅዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ፕሮቶታይፑና ጥያቄው ሳይገጣጠሙ

አካሄዱ ለሰው ይገባ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ቡድን፣ ቀለሙ ያማረ፣ ፎቶ የገባበት፣ ያለቀለት የሚመስል ስክሪን ይዞ ይቀርባል። ተሳታፊው ያለቀ ነገር ሲያይ ስለ ቀለም ያወራል። ስለ ፊደል መጠን ያወራል። አካሄዱ ከሥሩ ስህተት ቢሆን እንኳ አይናገርም፤ ሰው የጨረሰውን ነገር ማፍረስ ይከብደዋላ። ያንኑ ስክሪን በወረቀት ላይ በእርሳስ ሥላችሁ ብታቀርቡለት ግን እርሳሱን ተቀብሎ ራሱ ያርመዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። ስክሪኖችን እንደ ምስል አያይዘው በሠሩት ፕሮቶታይፕ ላይ ሰዓት ይዘው ሰከንድ የሚቆጥሩ አሉ። ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ለመሄድ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ የለካችሁት የዲዛይኑን ፍጥነት አይደለም። በ0.1 ሰከንድ ውስጥ የመጣ ምላሽ ለሰው ወዲያው የመጣ ያህል ነው። 1 ሰከንድ ካለፈ የሐሳቡ ፍሰት ይቋረጣል። 10 ሰከንድ ከደረሰ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ልኮች በሙያው ከታወቁ ቆይተዋል፤ የሚገርመው ዕቅድ ሲጻፍ መረሳታቸው ነው።

ጥያቄው በትክክል ከተመረጠ ምንም የማይሠራ ነገር እንኳ ይበቃል። ጄፍ ሆኪንስ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ሲያስብ በልኩ እንጨት ቆርጦ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲኖረው እንጨቱን ያወጣና እንደሚጽፍበት ሆኖ ይነካካዋል። ሊያውቅ የፈለገው ይህን የሚያህል ዕቃ ይዞ መዞር ይቻል እንደሆነና ሰው መቼ መቼ እንደሚያወጣው ነበር። ለዚያ ጥያቄ እንጨት በቂ ነው።

ማሽኑ «አዋቂ» መሆን ሲኖርበት ደግሞ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ የሚባለው ዘዴ አለ። ጄ. ኤፍ. ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ነው። ተሳታፊው ኮምፒውተሩ የሚመልስለት ይመስለዋል፤ ከጀርባ የሚመልሰው ሰው ነው። ዛሬ የጽሑፍ ወይም የድምፅ ረዳት የሚሠራ ሁሉ ይህን ቢጠቀም ብዙ ድካም ይቀርለታል። አንድ አደጋ ግን አለው። ከጀርባ ያለው ሰው ምን መመለስ እንደሚችልና ምን እንደማይችል አስቀድሞ ተጽፎ ካልተሰጠው፣ እንደ ሰው አስቦ እንደ ሰው ይመልሳል። ያኔ የሞከራችሁት ባልደረባችሁን ነው፤ ማንም ሊሠራው የማይችል ማሽን በጥሩ ውጤት ያልፋል። ሙከራው ሲያበቃ ከጀርባ ሰው እንደነበረ ለተሳታፊው መንገርም አይረሳ።

ሌላም ልጨምር። ሶል ግሪንበርግና ቢል ባክስተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ሐሳቡ ገና በጥሬው ሳለ የሚደረግ የምቹነት ሙከራ ጥሩ ሐሳብ ሊገድል እንደሚችል ተከራክረዋል። እስማማለሁ። ገና ምን እንደምትሠሩ ካልወሰናችሁ ሰው አምጥቶ ስህተት ከመቁጠር ይልቅ ሁለት ሦስት የተለያዩ ንድፎችን ማውጣት ይቅደም።

ባልደረባን ተጠቃሚ ማድረግ

ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው፣ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛም ቢሆን፣ ተጠቃሚያችሁ አይደለም። ስለ ፕሮጀክቱ በስብሰባም በምሳ ሰዓትም ሰምቷል። ሰው ስትመርጡም «ከ18 እስከ 35 ዓመት፣ ግማሹ ሴት» ብቻ አትበሉ፤ ያን ሥራ አሁን በምን መንገድ እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ምረጡ።

«አምስት ሰው ይበቃል»

ይህች ዓረፍተ ነገር ያልገባችበት ዕቅድ የለም። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ ካሉት ችግሮች 31% ያህሉን ያሳያል። በዚህ ሒሳብ አምስት ሰው 85% ገደማ ያሳያል። ኒልሰን ይህን ይዞ የመከረው 15 ሰው የማግኘት አቅም ካላችሁ በአንዴ ከምትጨርሱት አምስት አምስት አድርጋችሁ ሦስት ዙር አካሂዱ፣ በየመሃሉም ፕሮቶታይፑን አስተካክሉ ብሎ ነው። ሰዎች አምስቷን ያዙና ሦስቱን ዙር ጣሉ።

ደግሞ 31% አማካይ ነው። ከ10 ተጠቃሚ አንዱን ብቻ የሚያደናቅፍ ችግር ያዙ። አምስት ሰው አምጥታችሁ ያ ችግር አንዴም ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 59% ነው፤ 0.9ን አምስት ጊዜ በራሱ አባዙትና እዩት። አፑ ሰው ገንዘብ የሚልክበት ወይም የመድኃኒት መጠን የሚያይበት ከሆነ፣ ከ10 ሰው አንዱን የሚያሳስት ነገር እሳት ነው። ላውራ ፎክነር እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ጥናት 60 ተጠቃሚ ሞክራ፣ ከነሱ ውስጥ በዕጣ አምስት አምስት እየመረጠች ስታሰላ፣ አንዳንዱ የአምስት ቡድን ከችግሮቹ 99% አግኝቷል፤ አንዳንዱ ግን 55% ብቻ። የትኛው ቡድን እንደደረሳችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ችግር ለመፈለግ ከሆነ አምስት ሰው ጥሩ መነሻ ነው፤ ዙሩ ከተደጋገመ። ቁጥር ለመናገር ከሆነ ግን አምስት ሰው ምንም አይደለም። «80% ተጠቃሚዎች ተሳክቶላቸዋል» የሚል ስላይድ አይቼ ስንት ሰው ነው ብዬ ስጠይቅ «አምስት» የተባልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አምስቱም እንኳ ቢሳካላቸው፣ በ95% እርግጠኝነት ማለት የምትችሉት የሚሳነው ተጠቃሚ ከ45% አይበልጥም ብቻ ነው። «ከአምስቱ አራቱ» ብላችሁ ጻፉ። መቶኛ ለትልቅ ቁጥር ይቆይ።

«ወደዱት?»

እዚህ ላይ ነው የምቆየው። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ፕሮቶታይፑን የሠራው ሰው ራሱ ተሳታፊው ፊት ይቀመጣል። «ይህን እኛ ነን የሠራነው፣ ብዙ ወር ደክመንበታል» ብሎ ይጀምራል። ያስሞክራል። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እንዴት አዩት? ወደዱት?» ይላል። እስቲ በተሳታፊው ቦታ ሁኑ። የማታውቁት ቤት ጠርተዋችሁ፣ ውሃ አቅርበውላችሁ፣ በአክብሮት አናግረዋችሁ፣ የደከሙበትን ነገር አሳይተዋችሁ፣ ዓይን ዓይናችሁን እያዩ ጠየቋችሁ። ምን ትላላችሁ? «በጣም ጥሩ ነው» ትላላችሁ። ሌላ መልስ የለም። ይሉኝታ አለ፣ ለደከመ ሰው ማዘን አለ፣ «እኔ ስላልገባኝ ይሆናል» ማለትም አለ። ከዚያ ያ «በጣም ጥሩ ነው» በስላይድ ላይ በጥቅስ ምልክት ታጥሮ ለአለቃ ይቀርባል።

አንዲት ተሳታፊ ትዝ ትለኛለች። ከተሰጧት ሥራዎች አንዱንም አልጨረሰችም። በመሃል ሁለቴ «ይቅርታ፣ እኔ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅበትም» ብላለች። መጨረሻ ላይ መጠይቁ ሲሰጣት ሁሉንም 5 ከ5 ሞላችው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ልጆቹ ለፍተውበታል» አለች። መልካም ሰው ናት። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ዕቅዱ ደግነቷን ከመለካት በቀር ምንም እንዲለካ አልተደረገም።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ባንጋሎር ሕንድ ውስጥ 450 ቃለ መጠይቆች የተደረጉበት ጥናት አለ። ለሰዎች ሁለት ነገር ይታያቸዋል፤ አንዱን ጠያቂው እንደሠራው ያምናሉ። ሁለቱ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ሰዎች የጠያቂውን የመምረጥ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆነ። ጠያቂው በአስተርጓሚ የሚናገር የውጭ አገር ተመራማሪ ሲሆን 5 እጥፍ ደረሰ። ይባስ ብሎ የጠያቂው ሆን ተብሎ እንዲበላሽ ተደርጎ፣ ከሌላው ማነሱ በግልጽ እየታየም ተመርጧል። ይህን ካነበባችሁ በኋላ «ተጠቃሚዎች ወደውታል» የሚል ሪፖርት ስታዩ ቀድማችሁ ማን ጠየቃቸው ትላላችሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፕሮቶታይፑን የሠራው ሰው ሙከራውን አይምራ። ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አይበል፤ መዋሸት ሳያስፈልግ ዝም ማለት ይቻላል። ከተቻለ ሁለት አማራጭ ይቅረብ፤ ሰው አንድን ነገር ከመንቀፍ ሁለት ነገር ማወዳደር ይቀለዋል፤ ማን የትኛውን እንደሠራ ግን አይወቅ። «ወደዱት?» የሚለው ጥያቄ ከዕቅዱ ይውጣና በቦታው «ይህ ስክሪን ምን እንዲያደርጉ የሚፈልግ ይመስልዎታል?»፣ «ይህን ለማያውቅ ጓደኛዎ እንዴት ያስረዱታል?» ይግባ። ሲያስረዳ ያልገባው ቦታ ራሱ ይወጣል።

«ወደፊት ይጠቀሙበታል?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስለ ወደፊት ሁላችንም ቅን ነን። ያለፈውን ጠይቁ። ይህን ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ የሠሩት መቼ ነው? በምን ሠሩት? የት ላይ ተቸገሩ? ስላደረገው ነገር የሚናገር ሰው ዝርዝር ያመጣል። ስለ ምኞቱ የሚናገር ሰው ደስ የሚያሰኛችሁን ያመጣል።

ተግባሩ ውስጥ መልሱን መጻፍ

ስክሪኑ ላይ «ተቀባይ ጨምር» የሚል ቁልፍ አለ። የሥራ ወረቀቱ ደግሞ «አዲስ ተቀባይ ይጨምሩ» ይላል። ተሳታፊው ቃሉን ከወረቀቱ ላይ ያነባል፣ ስክሪኑ ላይ ያንኑ ቃል ይፈልጋል፣ ይጫናል። አራት ሰከንድ ፈጀ፤ ሁሉም ተደሰተ። የተፈተነው ግን ማንበብ መቻሉ ነው።

እንዲህ ጻፉት፦ «እህትዎ ገንዘብ ቸግሯታል። በዚህ አፕ ልከውላት አያውቁም። ስልክ ቁጥሯ ይህ ወረቀት ላይ አለ። ይላኩላት።» አሁን ተሳታፊው ከየት እንደሚጀምር ራሱ ማሰብ አለበት። «ላክ» የሚለውን መጀመሪያ ተጭኖ ቁጥሯን የት እንደሚያስገባ ቢጠፋው፣ ያ ማወቅ የፈለጋችሁት ነገር ነው።

አብሮ የሚረሳው «ተሳካ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። ገንዘቡ ተላከ ግን ወደተሳሳተ ቁጥር፤ ተሳክቷል? ሁለቴ ተመልሶ፣ በሦስተኛው አገኘው፤ ተሳክቷል? እነዚህን ከሙከራው በኋላ ተከራክራችሁ ከወሰናችሁ ሁልጊዜ ለራሳችሁ ታደላላችሁ። ሦስተኛው ተግባር የሁለተኛውን መሳካት የሚጠብቅ ከሆነም ሁለተኛው ላይ የወደቀ ሰው የቀረውን ሁሉ ይወድቃል። ከየተግባሩ መነሻ የሚጀምር ፕሮቶታይፕ አዘጋጁ።

የመሪው እጅ

ይህን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ተሳታፊው ጣቱን ከስክሪኑ በላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ዓይኑ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ከንፈሩን ነከስ አደረገ። ሙከራውን የሚመራው ሰው እስክርቢቶ ይዟል። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሪው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። አምስተኛው ሰከንድ ላይ እስክርቢቶው በራሱ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ጥግ ዘመመ። አንድም ቃል አልተነገረም። ተሳታፊው ግን እስክርቢቶው የጠቆመበትን አይቶ «አሃ» አለና ተጫነ። ሪፖርቱ ላይ «ተሳክቷል» ተብሎ ተጻፈ።

ለመርዳት የሚጣደፍ ሰው ክፉ አይደለም። የተቸገረን ሰው ዝም ብሎ ማየት ያማል፤ ጀማሪዎች ደግሞ እጅግ ያማቸዋል፣ እኔም ስለዚህ እወዳቸዋለሁ። ስለዚህ ነው በዕለቱ ፈቃድ ላይ የማይተወው። ዕቅዱ ላይ በደረጃ ይጻፍ። ዝም የሚባለው እስከ ስንት ሰከንድ ነው? ከዚያ «አሁን ምን እየፈለጉ ነው?» ይባላል። ከዚያ ቀላል ፍንጭ። ከዚያ ተግባሩ ይቆምና «አልተሳካም» ተብሎ ይመዘገባል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ፍንጭ ከተሰጠ በኋላ የተሳካ ነገር ለብቻው ይመዝገብ። መሪው እስክርቢቶውን ያስቀምጥ፤ እጁንም ከጠረጴዛው ያውርድ።

ተሳታፊው የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር የምታደርጉ ከሆነም በዚያው ሙከራ ላይ የፈጀበትን ጊዜ አትለኩ። መናገር ራሱ ጊዜ ይበላል።

ሁለት ንድፍ ሲወዳደር ቅደም ተከተልን መርሳት

ሁሉም ተሳታፊ መጀመሪያ «ሀ»ን፣ ከዚያ «ለ»ን ከሞከረ «ለ» ማሸነፉ አይገርምም። በ«ሀ» ላይ ተምሯልና። ረዥም ከሆነ ደግሞ ተሰላችቶ «ለ» ይሸነፋል። ግማሹ በ«ሀ»፣ ግማሹ በ«ለ» ይጀምር። ንድፉ ሦስት ሲሆን ቅደም ተከተሉ 6 ዓይነት ስለሚሆን የተሳታፊው ቁጥር በ6 የሚካፈል ይሁን።

መጠይቁን እንደ ፍርድ ማየት

ሲስተም ዩዛቢሊቲ ስኬል የሚባለውን፣ የአጠቃቀም ምቹነትን የሚለካ መጠይቅ ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 አዘጋጀው። ተሳታፊው ከ1 እስከ 5 የሚሞላቸው 10 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ስለሆኑ ሁሉም ይወደዋል፣ እኔም ጭምር። ሁለት ነገር ግን ይምታታል። አንደኛ፣ 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው እያለ የሚሄደው ምስጋና ሲሆን 2ኛው፣ 4ኛው፣ 6ኛው ወቀሳ ነው። ምስጋናው ላይ ከተሞላው ቁጥር 1 ይቀነሳል፤ ወቀሳው ላይ የተሞላው ቁጥር ከ5 ይቀነሳል፤ ድምሩ በ2.5 ይባዛል። ሁሉንም እንዳለ ደምሮ ያለፈ ቡድን አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ከ100 የሚመጣው ውጤት መቶኛ አይደለም። አማካዩ 68 አካባቢ ነው። 65 አግኝቶ «ከግማሽ በላይ ነን» ብሎ መደሰት ከአማካይ በታች ሆኖ መደሰት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያ ቁጥር የት ላይ እንደተበላሸ አይነግራችሁም። ያን የሚነግራችሁ የተሳታፊው ጣት የቆመበት ቦታ ነው።

ቅድመ ሙከራ መዝለል

አትዝለሉት። ከዋናው ሙከራ ሁለት ቀን ቀድማችሁ አንድ ሰው አምጡና ሁሉንም ከሰላምታ እስከ መሰናበቻ አካሂዱ። የሥራ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ፕሮቶታይፑ ውስጥ የለም፣ ቀረጻው ድምፅ አልያዘም፣ ለ45 ደቂቃ የታሰበው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሁለት ቀን ያልኩት ለማስተካከያ ጊዜ እንዲኖር ነው፤ በዋዜማው ማታ ከሆነ ስህተቱን ታውቁታላችሁ እንጂ ለማረም አትደርሱም።

ተሳታፊውን እንደ ዕቃ ማየት

«የምንፈትነው እርስዎን ሳይሆን ፕሮቶታይፑን ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ተነብባ ብቻ ትታለፋለች። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ታዛቢ ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና ሰውየው ላይ ያፈጣል። ታዛቢ በሌላ ክፍል ሆኖ በስክሪን ይመልከት፤ ካልተቻለ ከአንድ አይብለጥ፣ ከጀርባም አይቁም።

የፈቃድ ቅጹ ተሳታፊው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ። ምን እንደሚቀረጽ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ ይነገረው። በፈለገ ጊዜ ማቆም እንደሚችል፣ ቢያቆምም የተባለው ክፍያ እንደማይቀርበት በቃልም ይነገረው። ክፍያው «ከጨረሱ» የሚል ሁኔታ ካለው ፈቃዱ ፈቃድ አይደለም።

በተሳታፊው በራሱ ስልክ የምታስሞክሩ ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስክሪን እየተቀረጸ ሳለ የግል መልእክት ከላይ ብቅ ብሎ ሁሉም ያነበበበት ሙከራ ላይ ተገኝቻለሁ። የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። ቀረጻው መጥፋት ነበረበት፤ ጠፋም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ አንብቦታል። ለሙከራ የተዘጋጀ ስልክ ስጡ። እውነተኛ የይለፍ ቃልና የሒሳብ ቁጥር ፕሮቶታይፕ ላይ በጭራሽ እንዳታስገቡ፤ የሐሰት ስምና ቁጥር አዘጋጁ።

ለማየት እንጂ ለማስተካከል ጊዜ አለመያዝ

የዕቅዱ የጊዜ ሠንጠረዥ በብዛት እንዲህ ነው፦ ሰኞና ማክሰኞ ሙከራ፣ በቀን ስድስት ሰው፣ ረቡዕ ሪፖርት። በቀን ስድስት ሰው ያስተናገደ መሪ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጆሮው አይሰማም። በየተሳታፊው መሃል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይኑር፤ ማስታወሻ የሚያዝበት፣ ፕሮቶታይፑ ወደ መነሻው የሚመለስበት፣ ሰው የሚተነፍስበት። ደግሞ አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት የታየ ነገር ሰው ከወር በኋላ ይጠቀምበት እንደሆነ አይናገርም፤ ያን ማወቅ ከፈለጋችሁ ለሳምንታት የሚቆይ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል።

ግልጽ ችግር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ላይ ከታየ ሦስተኛውንና አራተኛውን በዚያው ግድግዳ ማላተም ለምን ያስፈልጋል? የማይክሮሶፍት የጨዋታ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ራይት ብለው ባቀረቡት ዘዴ፣ ችግሩም መፍትሔውም ግልጽ ከሆነ ፕሮቶታይፑ ከአንዱ ተሳታፊ ወደ ሌላው ሲታለፍ ይስተካከላል፤ የሚቀጥለው ሰው የታረመውን ይሞክራል። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የተባለው ጨዋታ የማስተማሪያ ክፍል የተስተካከለው በዚህ መንገድ ነው። ማረሚያው ሌላ ችግር እንዳልወለደ የሚታወቀውም እንዲሁ በቀጣዮቹ ሰዎች ነው። ይህ የሚሆነው ግን ማረም የሚችለውና መወሰን የሚችለው ሰው በሙከራው ቀን ሌላ ስብሰባ ከሌለበት ነው። ስለዚህ ተሳታፊ ከመጥራታችሁ በፊት የዲዛይነሩንና የወሳኙን ሰው ቀን ያዙ፤ ከየተሳታፊው በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓትም በነሱ ስም ዕቅዱ ላይ ጻፉት።